የሌዘር ሽምግልና፤ ከድሬዳዋ እስከ እብናት መንገድ

ከተመለስኩ ጀምሮ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ሳሚ፣ እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። አቦ፣ አገሩ ብርድ ነው! እናንተ የድሬ ልጆች ደብረ ታቦር እንደማትሄዱ አውቃለሁ። አዲስ አበባ እንኳ ሄዳችሁ በሁለተኛው ቀን «ብርዱ ገደለን» ብላችሁ የምትመለሱ ናችሁ። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

የሄድኩት ለሽምግልና ነው። እኔ! ዕድሜ ልኬን ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ፣ ሰው አንቱ ብዬ የማላውቅ ሰውዬ። የእህቴ ልጅ ኤርሚያስ፣ እናቱ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ያደገው፣ ደብረ ታቦር ፊዚክስ ሲያስተምር ይታይሽ የምትባል ልጅ ወደደ። ከዚያ ለዶክትሬት ጀርመን ሄደ። ሄዶም እሷን አልረሳ፣ እኔንም አላስቀምጥ አለኝ። «ሳሚ፣ አባቷ እሺ ካላሉ አለቀልኝ» ይለኛል። አባቷ ደግሞ «ሥራውን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የኤርሚያስን ሥራ እንኳን እሳቸው፣ ጎረቤቶቹ ጀርመኖችም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ረቡዕ

ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ኤርሚያስ በስልክ ሥራውን አስጠናኝ።

«ሌዘሩ ብልጭ ይላል» አለኝ። «ብልጭታው ምን ያህል አጭር መሰለህ? ሰከንዷን ሚሊዮን ቦታ ቁረጣት። ከቁራጮቹ አንዷን እንደገና ሚሊዮን ቦታ። ከዚያችም አንዷን ሺህ ቦታ።»

«አቦ፣ በምን ቢላ?»

«አትቀልድ ሳሚ! ያን ብልጭታ ጋዝ ላይ እለቀዋለሁ። የብርሃኑ ጉልበት ከአቶሙ ውስጥ ኤሌክትሮን መንጭቆ ያወጣል፤ ወዲያው ደግሞ አዙሮ ይመልሰዋል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ከቤቱ ጋር ሲላተም አዲስ ብርሃን ይወጣል። ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ፣ ሃያ አንድ እጥፍ የሚርገበገብ። እሱን ነው ሃርሞኒክ የምንለው። የኔ ሥራ ይኼን ማመንጨትና መቆጣጠር ነው።»

«አራት እጥፍስ?»

«አራት የለም። ጎዶሎ ብቻ ነው።»

ይኼማ ገባኝ። ቴፕ ከአቅሙ በላይ ስታስጮኸው ድምፁ ይሰነጠቃል አይደል? የተሰነጠቀው ድምፅ ውስጥ ሦስት እጥፉም አምስት እጥፉም አለ። የድሬ ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሃርሞኒክ ሲያመነጭ ነው የኖረው፤ ዶክትሬት የሰጠው የለም እንጂ።

«እና የሚወጣው ብርሃን ምን ይመስላል?» አልኩት።

«በዓይን አይታይም።»

«የማይታይ ነገር እየሠራህ ይታይሽን ልታገባ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በአዲስ አበባ አልፌ ባሕር ዳር ገባሁ። ባሕር ዳር ደህና ናት፤ ዘንባባ አላት፣ ባጃጅ አላት፣ ትሞቃለች። ሐይቁን ትተህ ስታያት ድሬን ትመስላለች። ማታ የጾም ሽሮ በላሁ። ሽሮው ላይ ቃሪያ አለመኖሩን ስናገር አስተናጋጇ ሄዳ ከራሷ እራት ላይ አንድ ቃሪያ አምጥታ ሰጠችኝ። ይህችን ልጅ እግዜር ይስጣት፤ ያ ቃሪያ ግን እስከ ሐሙስ ጠዋት አብሮኝ ነበር።

ሐሙስ

ሐሙስ ቀን ሐሙሲት ደረስን፤ ለካ ገበያዋ ነው። መንገዱን በግ ሞላው። ሚኒባሱ ቆመ፤ ሾፌሩ ክላክሱን ቢያስጮኸው በጎቹ ሙዚቃ የከፈተላቸው መሰላቸው። ከጎኔ አንዲት እናት ገቡና ዶሮ ዘረጉልኝ።

«እስቲ ይያዙልኝ የኔ ጌታ፤ አንቱ ወንድ ነዎት ጉልበት አለዎት።»

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ አየሁ። ማንም የለም። አንቱ የተባልኩት እኔ ነኝ! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ድሬ የሰባ ዓመት ሽማግሌ «አንተ ልጅ ና እስቲ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ደነገጥኩና ዶሮዋን ለቀቅኳት። ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን አልነግራችሁም። ዶሮዋ ስትያዝ የኔ መነጽር አንድ እጀታ አጥቶ ነበር። እናትየዋ ግን ከቀሚሳቸው ጫፍ ክር መዘው አሰሩልኝና «አይዞዎት፤ አሁንማ ቄስ መሰሉ» አሉኝ።

ወረታ ምሳ በላን። ፎገራ ሩዝ አገር ነው። «ሩዝ» ስላቸው እንደ ድሬ ሥጋ ያለበት፣ ከነሳምቡሳው ነበር ያሰብኩት፤ እነሱ ግን ሩዙን ፈጭተው እንጀራ አድርገው አመጡልኝ። «ሩዙስ?» አልኩ። «እየበሉት ነው እኮ!» አለኝ ባለቤቱ፤ እስከምንሄድ ድረስ በየጠረጴዛው እየዞረ ስለኔ ሲያወራ ነበር።

ከአለም በር በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ብርዱ ከጉና ተራራ ቀጥታ ወደኔ ሸሚዝ መጣ። የድሬ ሸሚዝ እንደምታውቁት ለአየር ማስገቢያ የተሠራ ነው። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሾፌሩ በመስታወት አይቶ ጃኬቱን አውልቆ ወረወረልኝ፤ እሱ በካናቴራ ነዳ። ድሬ ላይ ሾፌር ሂሳብ ካልሆነ ምንም አይወረውርልህም።

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ መሪጌታ ልሳኑ ጋቢ ይዘው ጠበቁኝ። ኤርሚያስ ተከራይቶ የኖረው እሳቸው ግቢ ነው፤ የሽምግልናው መሪም እሳቸው ናቸው። ደስ ብሎኝ አቀፍኳቸውና «መሪጌታ፣ እንዴት ነህ አቦ!» አልኳቸው።

ተሸካሚዎቹ ዕቃ እንደያዙ ቆሙ። ትኬት ቆራጩ አፉን ከፈተ። መሪጌታ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በጀ!» አሉ። «ድሬዎች እኔን ልጅ አደረጋችሁኝ። ይኸው ጢሜን እላጨዋለሁ!»

ዓርብ

ሦስት ብርድ ልብስ ተጭኖኝ አድሬ ተነሳሁ። ያመጣሁትን የድሬ ሐላዋ ለመሪጌታ ሰጠሁ። ሐላዋው በብርዱ ድንጋይ ሆኗል። መሪጌታ አገላብጠው አሸተቱት።

«መልካም ሳሙና ነው» አሉ።

«ይበላል እኮ!»

«አየ ጉድ! ሳሙናችሁን ትበላላችሁ?»

በመዶሻ ሰብረን ቀመስነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱበት ዋሉ።

ከሰዓት ችግር መጣ። ሦስተኛው ሽማግሌ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል ተባለ። መሪጌታ ራሳቸውን ያዙ። «ሁለት ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ጎዶሎ ነው። ሦስት፣ ካልሆነም አምስት።» «ልክ እንደ ኤርሚያስ ብርሃን!» አልኳቸው፤ ባይገባቸውም ተስማሙ። በዚህ ላይ ስንከራከር በማግስቱ የሚወስደን የባጃጅ ሾፌር ጌጡ ቀጠሮ ሊይዝ መጣ። ራሱ በራ ነው፤ ጢም አለው፤ ሲቀመጥ ይተነፍሳል። መሪጌታ ከላይ እስከታች አዩትና ጋቢ ደረቡለት። ሽማግሌ ሆነ።

«እኔ ምን እላለሁ?» አለ ጌጡ።

«ምንም አትልም። ራስህን ትነቀንቃለህ።»

የልጁን ሥራ እንዴት እንደምናስረዳ ስጠይቅ መሪጌታ እጃቸውን አወናጨፉ። «ለልጅቱ አባት፣ ለአያ ታከለ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ‹በሌዘር ነው የሚሠራ› አልኋቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከሰነበቱ በኋላ ግን ደውለው ‹ይምጡ› ብለዋል።» ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

በእብናት መንገድ ወጣን። ባጃጇ አቀበት ስታይ ትንፋሿ ይቆረጣል፤ ጌጡ መሪ ይዞ፣ እኔና መሪጌታ በነጭ ጋቢ ከኋላ ሆነን ገፋን። አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ሊያግዘን መጣ። «የየት ሠርግ ናችሁ?» አለና ሲስቅ ሲገፋ፣ ሲገፋ ሲስቅ ከአቀበቱ አወጣን፤ ከኪሱ የገብስ ቆሎ ዘግኖም ሰጠን። አገሩ ገብስ በገብስ ነው። በየሸለቆው ውኃ ይፈስሳል። እኛ ድሬ ወንዝ የምንለው አሸዋ ነው።

አያ ታከለ በር ላይ ተቀበሉን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲጨብጡህ እጅህን መልሰው የሚሰጡህ የማይመስልህ ሰው ናቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። ልቀመጥ ስል መሪጌታ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ጮክ ብለው። ለካ ወጉ ነው። ቆምን።

መሪጌታ ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። በግዕዝ አለፉ፣ በአማርኛ ተመለሱ። በመጨረሻ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ጌጡ ራሱን ነቀነቀ።

«የልጁን ሥራ ሰምቻለሁ» አሉ አያ ታከለ። «በሌዘር ነው አሉኝ።»

«አዎን!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «እጅግ በጣም አጭር ሌዘር!»

«አጭርም ይሁን ረጅም፣ ሥራ ሥራ ነው።»

እንዴት ያለ የሠለጠነ ሰው ነው! ፎቶውን አወጣሁላቸው። ኤርሚያስ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጥቁር የሌዘር ጃኬት ለብሶ። አያ ታከለ ፎቶውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ።

«ይህንንም ራሱ ነው የሠራው?»

ፎቶውን ማን እንዳነሳው የጠየቁኝ መሰለኝ። «ራሱ ነው! ለብቻው!»

«እጁ ይባረክ!» አሉ። «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

ከቤቱ ጓሮ ወሰዱን። ከመድረሳችን በፊት ሽታው ደረሰ። አንድ ዳስ ሥር የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ቆዳ ጨው ተነስንሶበት ተከምሯል። ጌጡ ራሱን መነቅነቅ ረሳ።

«ለልጃችሁ ነው» አሉ አያ ታከለ። «ከወንዙ ዳር የሚሠራበት ቦታም አጥሬለታለሁ። ወንድሞቼ ‹ልጅህን ለቆዳ ፋቂ!› ብለው ተነሱብኝ። ‹መጀመሪያ ጫማችሁን አውልቁ፤ ከዚያ ትሰድቡታላችሁ› አልኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ሳስበው ግን ያሳፈረኝ የኔው ማፈር ነው።»

ቆዳ! ሌዘር ሲባሉ ቆዳ ነው የገባቸው! ወደ መሪጌታ ዞርኩ። ላብ አጥምቋቸዋል። ያኔ አንዲት ቆንጆ ልጅ ከጓሮ በር ብቅ አለች፤ ይታይሽ ናት። ደብረ ታቦር ከተማ የልብስ ሱቅ አላት፤ ለዚህ ቀን ብላ ነው ወደ ቤተሰቦቿ የመጣችው። ከአባቷ ጀርባ ሆና ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች።

«እንዴ፣ ዓይንሽ ውስጥ ምን ገባ?» አልኳት።

«ምንም አልገባም ጋሼ!» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ።

መሪጌታ ጆሮዬ ሥር መጡ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ልጅቱን ሰጥተውናል። ዝም በል።» ከንዴታቸው ብዛት እሳቸውም አንተ አሉኝ።

ዝም ልል ነበር፤ ወላሂ ልል ነበር። ኤርሚያስ «አለቀልኝ» ያለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን ሰውዬው ከወንድሞቻቸው ተጣልተው፣ ራሳቸውን ገሥጸው፣ ጨው ነስንሰው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት እንዴት ይዋሻል?

«አያ ታከለ» አልኩ፣ «ልጁ ፋቂ አይደለም።»

የቆዳው ክምር ላይ ቁጭ አሉ።

«ታዲያ ሌዘሩስ?»

«ሌዘር የብርሃን ስም ነው። ልጁ ጀርመን አገር ብርሃን ነው የሚሠራው።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«ፋቂ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ጀርመን የሄደው የቆዳ ትምህርት ሊማር መስሎኝ። ቆዳው ያለው እዚህ ነው፤ ይመለሳል ብዬ። ብርሃን ግን የትም አለ። ለምን ብሎ ይመለሳል? ልጄንም ይዟት ይቀራል።» ወደ ይታይሽ አዩ። «ይህች ኩዌት ሳለች ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆም ነበር። ደግሜ አልችለውም።»

ይታይሽ አለቀሰች። «ልነግርዎት ነበር እኮ አባየ። ‹ሌዘር› ስል ‹ይመለሳል› ብለው ፊትዎ ሲበራ አይቼ ነው ዝም ያልሁ።»

ያበላሸሁት እኔ፣ ማስተካከልም የኔ ነው። ዳሱ ላይ የተሰቀለ የእርሻ ጅራፍ አየሁና አወረድኩት። «ሥራውን ላሳይዎት!» ብዬ አሽከረከርኩና ሰነዘርኩ። ጅራፉ ሄዶ፣ አስቦ፣ ተመልሶ የገዛ ጆሮዬን ጠለፈው። በክር የታሰረ መነጽሬ ቆዳው ላይ አረፈ። ጌጡ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል፣ አንቱንም ጨመረ!» አሉ መሪጌታ።

አያ ታከለ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ጅራፉን ተቀብለውኝ አንድ ጊዜ ብቻ አወናጨፉት። ቿ! ሸለቆው መለሰ።

«አዩ!» አልኩ ጆሮዬን ይዤ። «እጅዎ የሄደው ቀስ ብሎ ነው። ጅራፉም ሲሄድ ዝም ብሎ ነው የሄደው። ጫፉ ዞሮ ሲመለስ ነው የጮኸው፤ ያውም ከእጅዎ ስንት እጥፍ ፈጥኖ! ኤርሚያስ ይህንኑ ነው በብርሃን የሚሠራው። ብርሃኑ ጅራፍ ነው። ከአንዲት ቅንጣት ውስጥ ኤሌክትሮን የምትባል ታናሽ ቅንጣት ይመነጭቅና ያወጣል፤ ከዚያ አዙሮ ወደ ቤቷ ይመልሳታል። ስትመለስ አዲስ ብርሃን ይወጣል።»

አያ ታከለ ጅራፉን እያዩ አሰቡ። «ሁሉም ይመለሳሉ?»

«ኧረ የለም፣ ብዙዎቹ ወጥተው ይቀራሉ።»

«የቀሩትስ? እነሱስ ብርሃን ይሰጣሉ?»

«እነሱማ ምንም! ጠፍተው ነው የሚቀሩት» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

«አዩ!» አሉ አያ ታከለ፤ ጅራፉ ከእጃቸው ወደቀ። ይታይሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ምነው መሬት በዋጠኝ አልኩ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቅኔ ቤት የኖረ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ።

«አያ ታከለ» አሉ፣ «ይህ የድሬ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የተናገረው። መውጣቱማ የማንም ሥራ ነው። የልጁ ሙያ የወጣችውን መመለስ ነው፤ ያልተመለሰች እንደሆን ሥራው ከሸፈ። ሌላው ሰው ሠርግ ይደግሳል። የዚህ ልጅ ሙያ መልስ ነው!»

ጌጡ ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም ሳያዘው።

አያ ታከለ ግን በቅኔ የሚታለሉ አይደሉም። «ደውሉለት» አሉ። «ከራሱ አፍ ልስማ።»

ኔትወርክ ያለው የገለባው ክምር ላይ ብቻ ነው ተባለ። አያ ታከለ እንደ ጎረምሳ ወጡ። እኔ ስልኩን ልሰጥ ስወጣ እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ። መሪጌታና ጌጡ ሥሩ ቆሙ፤ እትየ ደብሬ፣ የይታይሽ እናት፣ ሊጡን ትተው በሊጥ እጃቸው መጡ። ስልኩ ተነሣ።

«ልጄ» አሉ አያ ታከለ፣ «የይታይሽ አባት ነኝ። ሥራህ ምንድን ነው?»

ኤርሚያስን ከገለባው ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። እንደ ጎርፍ ወረደ። «አባባ፣ ስመለስ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ትንሽ ላብራቶሪ...» ብሎ ጀመረና ስለ ጋዙ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ሃያ አንድ እጥፉ፣ የብልጭታውን ቅርፅ ስለ መቆጣጠር አወራ፣ አወራ። አንድ ጊዜ ጀርመንኛም የተናገረ ይመስለኛል። አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። አላቋረጡትም። ሲጨርስ «እግዜር ይባርክህ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

ሁላችንም ቀና ብለን አየናቸው። ይታይሽ የእናቷን ሊጣም እጅ ጨብጣለች።

«ከተናገረው አንዱም አልገባኝ» አሉ። ከክምሩ ወረዱ፤ ገለባውን ከጋቢያቸው አራገፉ። «ግን የጠየቅሁት ስለ ሥራው ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ‹ስመለስ› ብሎ ነው የጀመረ።»

በሩን በሰፊው ከፈቱት።

«ኑ ግቡ። ቁጭ በሉ።»